ማከም፣ ማስተማር፣ መመራመር፡ የቤይሩት ቀዶ ሐኪሞች ሦስት ኃላፊነቶች

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ በቤይሩት ወደብ ለዓመታት ተከማችቶ የቆየው 2 ሺህ 750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ከ6 ሺህ የሚልቁ ቆሰሉ፤ 300 ሺህ የሚሆኑ ነዋሪዎች መጠለያ አልባ ሆኑ። ለወደቡ ቅርብ በሆነው አሽራፊየህ ሠፈር የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ራሱ ከቁስለኞቹ አንዱ ሆነ። አራት ነርሶቹ ሞቱበት፤ ግድግዳውና ጣሪያው ተናደ፤ መብራቱ ጠፋ። በዚያች ሰዓት ምጥ ላይ የነበረች እናት በእጅ ስልክ ብርሃን ተገላገለች። አስተኝቶ ሲያክማቸው የነበሩ ሕሙማን ሳይቀሩ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች መዛወር ነበረባቸው።

ቁስለኞቹ ከጎረፉባቸው ሆስፒታሎች አንዱ በምዕራብ ቤይሩት ሐምራ አካባቢ የሚገኘው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። በሞተር ብስክሌት፣ በታክሲ፣ በሰው ትከሻ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ምሽት በሩን አጥለቀለቁት። ይህን የመሰለ ቀን ሲመጣ የቀዶ ሕክምና ሙያ ለውጭ ሰው እንግዳ የሚመስል ሥርዓት አለው። ብዙ ልምድ ያለው አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም፤ በር ላይ ይቆማል። ማን አሁኑኑ ይገባል፣ ማን ሁለት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፣ ለማን ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ይሰጠዋል የሚለውን የሚለየው እርሱ ነው። ምላጩን የሚይዙት ትናንት ያስተማራቸው ወጣቶች ናቸው። እነርሱ በሚገባ ካልሠለጠኑ የአንጋፋው በር ላይ መቆም ፋይዳ አይኖረውም።

በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ክፍልን የሚመራ ሰው ሥራ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ ቅጽበት ለማግኘት ይከብዳል። በወረቀት ላይ ኃላፊነቱ ሦስት ነው፤ ሕሙማንን ማከም፣ ሐኪሞችን ማስተማር፣ ምርምር ማካሄድ። በሰላሙ ቀን ሦስቱ በጊዜና በገንዘብ ይሻማሉ። የመከራ ቀን ሲመጣ ደግሞ ማከሙ ሁሉንም ይውጣል፤ ማስተማሩና መመራመሩ ለነገ ይባላሉ። የቤይሩቱ ተቋም ታሪክ ትኩረት የሚስበውም ሁለቱን ለነገ ሳይል ለመቆየት ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ስለታገለ ነው።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1867 ነው። ለእኛ አንባቢ ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመሠዋታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ከመቅደላው ጦርነት በኋላ እንግሊዛዊ መኮንን የወሰደው ሕፃን ኋላ በላሆር ተምሮ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለመባል በበቃበት ዘመን፣ የቤይሩቱ ትምህርት ቤት የሶሪያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ በሚል ስም ከዓረቡ ዓለም የመጡ ወጣቶችን በአረብኛ ሕክምና ያስተምር ነበር። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ በ1920 ነው።

የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና መምህር ጆርጅ ፖስት ይባላሉ። እኚህ አሜሪካዊ አስገራሚ ሰው ነበሩ። ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ሰባኪ ናቸው፤ በዚያ ላይ የዕፅዋት ተመራማሪ ናቸው። ለተማሪዎቻቸው በአረብኛ የቀዶ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጁት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ተራራና ሸለቆ እየዞሩ የሰበሰቧቸውን ዕፅዋት መዝግበው እ.ኤ.አ በ1896 ስለ ሶሪያ፣ ፍልስጥኤምና ሲና ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። የዕፅዋት ስብስባቸው ዛሬም በዩኒቨርሲቲው በስማቸው ይጠራል። ኮሌጁ በዚያ ወቅት የራሱ ሆስፒታል አልነበረውም። ከእ.ኤ.አ 1871 ጀምሮ መምህራኑ በፕሩሺያው የዮሐንስ ማኅበር ሆስፒታል ሕሙማንን በነፃ እያከሙ፣ በምትኩ ተማሪዎቻቸውን በአልጋው ዳር ያስተምሩ ነበር። ሆስፒታሉ ሐኪም አገኘ፤ ኮሌጁ የማስተማሪያ ስፍራ አገኘ። ማከምና ማስተማር ተለያይተው የማይሄዱ መሆናቸው በዚያ ውል ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

በከተማዋ ሌላ የሕክምና ትምህርት ወግም አለ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ በ1883 በቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ አቋቋሙ፤ የፋኩልቲው ማስተማሪያ የሆነው ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ1923 ሥራ ጀመረ። በዚህ ምክንያት ቤይሩት እስከ ዛሬ በሁለት ልሳን የሚናገሩ ቀዶ ሐኪሞች አሏት፤ በእንግሊዝኛ ሠልጥነው ወደ አሜሪካ የሚያዩና በፈረንሳይኛ ሠልጥነው ወደ ፓሪስ የሚያዩ። ፉክክሩ ለትምህርት ጥራት በጅቷል። የመውጫ በርም ሁለት አድርጎታል፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን።

በቀዶ ሕክምና ማስተማር ማለት ንግግር ማድረግ አይደለም። አንድ ሬዚደንት ሐኪም በአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ለመመረቅ ከሕክምና ዶክትሬቱ በኋላ እንደየአገሩ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል። መጀመሪያ ይመለከታል፤ ቀጥሎ ያግዛል፤ ከዚያ መምህሩ ከፊቱ ቆሞ እርሱ ይሠራል። መምህሩ በ40 ደቂቃ የሚጨርሰው ቀዶ ሕክምና በተማሪ እጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊወስድ ይችላል። ሆስፒታሉ ገቢውን በቀን ስንት ሰው ታከመ በሚል በሚቆጥርበት ዘመን ያ ተጨማሪ ሰዓት ኪሳራ ይመስላል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር የሚሟገተው ለዚህ ሰዓት ነው። በየሳምንቱ የሚደረገው የሞትና የሕክምና ጉዳት ግምገማም ከዚህ የሚለይ አይደለም። በዚያ ጉባኤ አንጋፋውም ወጣቱም ባልተሳካለት ሥራ ላይ በባልደረቦቹ ፊት ይጠየቃል። ጉባኤው የሚከበረው ኃላፊው ራሱ ከሁሉ ቀድሞ የራሱን ስሕተት ይዞ ሲቀርብ ነው።

ለበርካታ ዓመታት ክፍሉን የመሩት የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ጀማል ሆባላህ ለዚህ ወግ ምሳሌ የሚሆኑ ሰው ናቸው። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሠርተውና አስተምረው ወደ ቤይሩት ተመለሱ። ከሥራዎቻቸው መካከል ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት፣ ሬዚደንቶች የፈጸሙትን ቀዶ ሕክምና ደረጃ በደረጃ በቃል እንዴት እንደሚያስመዘግቡ የሚያስተምር መጽሐፍ ይገኝበታል። ነገሩ ተራ የጽሕፈት ሥራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሠራውን በቅደም ተከተል መናገር የማይችል ሐኪም ምን እንደሠራ በትክክል አያውቅም። መዝገቡ ከሌለም ነገ የሚመጣው ተመራማሪ የሚቆጥረው ነገር አያገኝም።

እ.ኤ.አ ከ1975 እስከ 1990 በሊባኖስ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ይህን ሁሉ ፈተነ። ከተማዋ በአረንጓዴው መስመር ለሁለት ተከፈለች። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ማልኮም ከር እ.ኤ.አ በጥር 1984 በግቢው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ብዙ የውጭ መምህራን አገሩን ለቀው ወጡ። ሆስፒታሉ ግን አልተዘጋም። የማን ታጣቂ መሆኑ ሳይጠየቅ ቁስለኛው ይገባ ነበር፤ ሬዚደንቶችም በሌላ አገር አንድ ሐኪም በዕድሜው የማያየውን የጥይትና የፍንዳታ ጉዳት በጥቂት ወራት አዩ። ሐኪሞቹ የጦርነቱን ልምድ ጽፈው በሙያ መጽሔቶች ማሳተማቸው በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን ሥራቸው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ነው። ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሰዎች በማግሥቱ ቁጭ ብለው ቁጥር መደመራቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የወጣው የምርምር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ፍሬ አፈራ። ከእ.ኤ.አ 2003 በኋላ ከኢራቅ፣ ከ2011 በኋላ ደግሞ ከሶሪያ በርካታ ቁስለኞች ለሕክምና ወደ ቤይሩት መጡ። አብዛኞቹ ትኩስ ቁስል የያዙ አልነበሩም። ጉዳቱ ከደረሰባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ አምስትና ስድስት ጊዜ በሌላ ሆስፒታል ተቀድደዋል፤ አጥንታቸው አልገጥም፣ ቁስላቸው አልደርቅ ብሏል። ከቁስላቸው በተወሰደው ናሙና ላይ ደጋግሞ የተገኘው ተሕዋስ አሲኔቶባክተር ባውማኒ ይባላል። ብዙዎቹን መድኃኒቶች የሚቋቋም በመሆኑና በኢራቅ በቆሰሉ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ በብዛት በመታየቱ በአንዳንዶች ዘንድ "ኢራቂባክተር" የሚል ቅጽል ወጥቶለታል።

እ.ኤ.አ ከ2012 እስከ 2020 የማዕከሉን የፕላስቲክና የመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ዘርፍ የመሩት ፍልስጥኤማዊ እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ጋሳን አቡ ሲታ ጉዳዩን የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ብቻ አድርገው አልተመለከቱትም። ከኢራቃዊው ሐኪምና የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ከኦማር ዴዋቺ ጋር በመሆን ጦርነት በሰው አካል፣ በተሕዋስያንና በሆስፒታሎች ላይ የሚያደርሰውን የረጅም ጊዜ ለውጥ የሚያጠና የግጭት ሕክምና መርሐ ግብር በዩኒቨርሲቲው እንዲቋቋም አደረጉ። የጥያቄያቸው ጭብጥ ይህ ነው፤ ቁስለኛው ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላ ጦርነቱ በቁስሉ ውስጥ ለምን ይቀጥላል? የፈራረሰ የውኃና የፍሳሽ መስመር፣ ያለ ልክ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ ከጦር መሣሪያ የሚወጣ ከባድ ብረት እያንዳንዳቸው ምን ድርሻ አላቸው? እ.ኤ.አ በ2017 አቡ ሲታ፣ ሆባላህና ባልደረባቸው ጆሴፍ ባካሽ በጦርነት የተጎዳን ሕሙም አካል መልሶ ስለመገንባት የሚያስተምር መጽሐፍ በአርታኢነት አሳተሙ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የዘርፍ ኃላፊው በአንድ ሽፋን ላይ መገኘታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። አከሙ፤ ያከሙትን መዘገቡ፤ የመዘገቡትን አስተማሩ።

ሆኖም ጦርነት ያልበተነውን የገንዘብ ቀውስ ሊበትነው ተቃረበ። ለሃያ ዓመታት አንድ ዶላር በ1 ሺህ 507 ሊራ ሲመነዘር ቆይቶ እ.ኤ.አ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሊራው ወደቀ፤ በ2023 መጋቢት ላይ በጥቁር ገበያ ከ100 ሺህ ሊራ በላይ ደረሰ። የዓለም ባንክ ቀውሱን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በዓለም ከታዩት እጅግ ከባዶቹ መካከል መደበው። የዕድሜ ልክ ቁጠባ በባንክ ታገደ፤ ማደንዘዣና ስፌት ክር ሳይቀር ጠፋ። የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በሐምሌ 2020፣ ከወደቡ ፍንዳታ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ አብዛኞቹ የሕክምና ማዕከሉ ባልደረቦች የሆኑ ከ800 በላይ ሠራተኞችን በአንድ ቀን አሰናበተ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በመስከረም 2021 ባወጣው መግለጫ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉ የሠለጠኑ የሊባኖስ ሐኪሞችና 30 በመቶ ያህል ነርሶች በጊዜያዊነት ወይም በቋሚነት ከአገር መውጣታቸውን አስታውቋል።

ቀደም ብለን የጠቀስነው ባለ ሁለት በር ትምህርት እዚህ ላይ መዘዝ አመጣ። በአሜሪካ መለኪያ የሠለጠነ ሐኪም በአሜሪካ ተፈላጊ ነው፤ በፈረንሳይኛ የተማረውም ፈረንሳይ አይከብደውም። ትምህርቱ በተሻለ ቁጥር መሄጃው ቀለለ። ሊባኖስ ለዚህ አዲስ አይደለችም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የልብ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ የሆኑትና በሂዩስተን የቤይለር የቀዶ ሕክምና ክፍልን እ.ኤ.አ ከ1948 እስከ 1993 የመሩት ማይክል ደበኪ ከደቡብ ሊባኖስ ከተሰደዱ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ ስደት ሌላ፣ መምህራን በጅምላ ለቅቀው ሬዚደንቱ ከፊቱ የሚቆምለት አንጋፋ ሲያጣ ደግሞ ሌላ ነው። የሄደ ቀዶ ሐኪም የሚያጎድለው የራሱን ሕሙማን ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ሊያወጣቸው የነበሩትንም ሐኪሞች ይዞ ይሄዳል።

እንዲህ በሳሳበት ጊዜ መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በዳሂየህ፣ በቤቃ ሸለቆና በደቡብ ሊባኖስ የሒዝቡላህ አባላት የያዟቸው የመልእክት መቀበያ ፔጀሮች በአንድ ጊዜ ፈነዱ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሕፃናትን ጨምሮ 12 ሰዎች ሲሞቱ፣ የቆሰሉት 2 ሺህ 800 ገደማ መሆናቸውን የጤና ሚኒስቴር አስታወቀ። በማግሥቱ ደግሞ የሬዲዮ መገናኛዎች ፈነዱ። መሣሪያው ሲጮህ ሰው አንሥቶ ስለሚመለከተው ጉዳቱ ያረፈው ዓይን፣ ፊትና ጣት ላይ ነበር። በወደቡ ጊዜ የመስታወት ስብርባሪ የቆረጠውን መስፋት የሚችል ሁሉ ያግዝ ነበር፤ አሁን የተፈለገው የዓይንና የእጅ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነ። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በየትኛውም አገር ቢሆን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በዚያ ሳምንት መግለጫ ይሰጡ የነበሩት የጤና ሚኒስትር ፊራስ አብያድ ራሳቸው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና መምህር ናቸው። ወደ ሚኒስትርነት ከመምጣታቸው በፊት ከእ.ኤ.አ 2015 ጀምሮ በከተማዋ ደቡባዊ መዳረሻ የሚገኘውን የመንግሥት ሆስፒታል፣ የራፊቅ ሐሪሪ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን መርተዋል። ሀብታሙን የግል ሆስፒታልና የሚታገለውን የመንግሥት ሆስፒታል ሁለቱንም ከውስጥ ያወቁ ሰው መሆናቸው ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ አንባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። እሑድ እሑድ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ጎዳናዎች አማርኛና ኦሮምኛ የሚሰማው በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ በርካታ እህቶቻችን ስለሚሰባሰቡበት ነው። በሊባኖስ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ሠራተኛ አሠሪዋ የሚገባላት የጤና መድን ይኖራታል፤ ከአሠሪዋ ቤት የወጣችና ወረቀቷ የተቃጠለባት ግን መድንም የላትም። ቀውሱ በበረታበት በ2012 ዓ.ም አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ሐዝሚየህ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው እንደሄዱ የሚታወስ ነው። የሐምራው ማዕከል ለሙያው የቱንም ያህል ቢመሰገን የግል ተቋም ነው፤ ዋጋው ለቡርጅ ሐሙድ የቀን ሠራተኛ አይደለም። ፖስትና ባልደረቦቻቸው በነፃ እያከሙ ያስተምሩበት የነበረው ውል በዛሬው ዘመን በምን መልክ ሊኖር ይችላል የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም የክፍል ኃላፊ ቀላል መልስ የለውም።

በአገራችንም ነገሩ በሌላ መልኩ ይታያል። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1964 ሲሆን፣ በኤደንብራ የሠለጠኑት ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ዛሬ የጥቁር አንበሳ፣ የጎንደርና የጅማ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሬዚደንቶችን ያወጣሉ። በወረዳ ሆስፒታሎች ደግሞ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ብዙ እናቶችን ከሞት ይታደጋሉ። ይሁንና እ.ኤ.አ በ2015 ዓለም አቀፉ የላንሴት ኮሚሽን ለ100 ሺህ ሕዝብ ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የማህፀን ስፔሻሊስቶች ያስፈልጋሉ ሲል ካስቀመጠው ልክ ገና ሩቅ ነን። የእኛ አንጋፋ ከጠዋቱ የሞርኒንግ ጉባኤ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲቀድድ ይውላል፤ ማታ ደመወዙን ለመደጎም ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል። ለምርምር የሚተርፈው ከእንቅልፉ የሚቀንሰው ሰዓት ነው። ቤይሩት በሀብት ከእኛ ርቃ ሳለች የደረሰባት ችግር ግን ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ወደ ሐምራ እንመለስ። ሆባላህና አቡ ሲታ በጦርነት ስለተጎዱ ሕፃናት ሕክምና ያዘጋጁት ሌላ መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ2023 ታተመ። በዚያው ዓመት መኸር አቡ ሲታ በጋዛ ሆስፒታሎች ለ43 ቀናት ሲቀድዱ ሰነበቱ። በቀጣዩ ዓመት በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት መርጃ ፈንድ ከጋዛ የወጡ ቁስለኛ ሕፃናትን ለሕክምና ወደ ቤይሩት ማምጣት ጀመረ፤ የሚታከሙትም በዚሁ ማዕከል ነው።

የሕፃን ቁስል ከአዋቂ ይለያል። እግሩ የተቆረጠ ሕፃን አጥንቱ ከሸፈነው ሥጋና ቆዳ ፈጥኖ ስለሚያድግ ጫፉ ቆዳውን እየገፋ ይወጣል፤ እንደገና መቀደድ፣ እንደገና መስተካከል፣ ሰው ሠራሽ እግሩም እንደገና መለካት ይኖርበታል። አምስት ዓመት ሳይሞላው የቆሰለ ልጅ ዕድገቱን እስኪጨርስ ድረስ ቀዶ ሕክምናው በተደጋጋሚ ይጠብቀዋል። የመጨረሻውን የሚሠራለት ቀዶ ሐኪም ዛሬ ገና የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ነው፤ የልጁን መዝገብ በእጁ ይዞ በጠዋቱ ራውንድ ከአልጋው አጠገብ ይቆማል።